ማሽኑ እየተዛወረ ነው፤ ቆይተው ይሞክሩ

ባለፈው ወር መጨረሻ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ፣ ስልኬ ላይ ተደፍቼ አንዲት ቁልፍ ደጋግሜ እየተጫንኩ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎጌም ሆነ የእህልና የአትክልት ዋጋ የምታጠናቅርልኝ ትንሽ ፕሮግራም የሚኖሩት በኪራይ በያዝኳት አንዲት ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው። ማሽኗ ያለችው ውጭ አገር ነው፤ ኪራዩ በዶላር ስለሆነ የምትከፍልልኝ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። (ስለ ካርድና ስለ ዶላር ሌላ ቀን እንነታረካለን።) የዚያን ዕለት ዲስኩ ሞላ። ዲስክ ሞላ ማለት ፕሮግራሟ ትቆማለች፣ የወሩ መጨረሻ ዋጋም ሳይመዘገብ ያልፋል ማለት ነው። ቶሎ ብዬ ተጨማሪ ዲስክ ገዛሁና «አያይዝ» የሚለውን ተጫንኩ።

መልሱ፦ «ማሽኑ እየተዛወረ ነው፤ ቆይተው ይሞክሩ።»

ማን ነው ያዛወረው? ወዴት? እኔን ማን ጠየቀኝ? ይባስ ብሎ፣ ብሎጌን ከፍቼ ሳየው ምንም አልሆነም። ይሠራል። የሆነ ሰው ባለፈው ጽሑፌ ሥር አስተያየት ጽፎ በዚያው ደቂቃ ገብቷል። ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። እኛ «ሲስተም የለም» እየተባልን ያደግን ልጆች ስለሆንን መቆምን እንለምደዋለን። ግን እየሠራ፣ እየተዛወረ፣ ዲስክ አልቀበልም ሲል? 11 ጊዜ ያህል ተጫንኩ። ከ7 ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ዲስኩን ተቀበለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ጽሑፍ ሲጀመር የስድብ ጽሑፍ ነበር። አከራዬን ላስነብብላችሁ ነበር የተነሳሁት። በኋላ ግን ስድቡን ለማሳመር ስል ማንበብ ጀመርኩና ሐሳቤን ቀየርኩ። አሁን የምላችሁ ተቃራኒውን ነው፦ ያ «ቆይተው ይሞክሩ» የሚለው መልስ ከማንኛውም የቴክኖሎጂ አቅራቢ ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ ሐቀኛው ነው። ጉድለቱም ሌላ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዝውውሩ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም አስቡት፤ ሕንጻው አንድ ነው፣ ቤቶቹ ብዙ ናቸው፣ እያንዳንዱ ተከራይ ሙሉ ግቢ የያዘ ይመስለዋል። ስልካችሁ ላይ የምትነኩት አፕም ጀርባው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ነው የሚያርፈው። ሕንጻው ጥገና ሲያስፈልገው ታዲያ ተከራዩን ምን ታደርጉታላችሁ? ድሮ መልሱ ቀላል ነበር፤ አጥፉት፣ ጠግኑ፣ አስነሱት። እ.ኤ.አ. በ2003 ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ ቪሞሽን የሚል ነገር ይዞ መጣ፤ ማሽኑ ሳይጠፋ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላይ ዜን የተባለውን ሶፍትዌር ሲሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች አሠራሩን በዝርዝር አሳተሙ። ለሙከራ ከመረጧቸው ነገሮች አንዱ ክዌክ 3 የተባለው የተኩስ ጌም ሰርቨር ነበር። ሰዎች እየተጫወቱ ሰርቨሩን አዛወሩት፤ የቆመበት ጊዜ 60 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ዐይናችሁን ለመጨፈን የሚፈጅባችሁ ከዚያ ይበልጣል።

እንዴት ሆነ? እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ መማሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ማሽኑ እየሠራ እያለ ሜሞሪው በሙሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር ይቀዳል። ችግሩ፣ ማሽኑ እየሠራ ስለሆነ የተቀዳውን እንደገና ይቀይረዋል። ስለዚህ የተቀየረው ብቻ ተለይቶ ሁለተኛ ዙር ይቀዳል፤ በሁለተኛው ዙር የተቀየረው በሦስተኛው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚቀረው ትንሽ እስኪሆን ድረስ። 4000 ሜጋባይት ሜሞሪ አለኝ እንበል፣ መንገዱ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ያሳልፋል፣ ማሽኔ ደግሞ በሰከንድ 50 ይቀይራል። የመጀመሪያው ዙር 40 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 20፣ ሦስተኛው 10… ድምሩ ወደ 80 ሰከንድ ይጠጋል። አንደኛ ዓመት የማክሮ ኮርስ የወሰደ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ መልቲፕላየር ነው! ያገኙትን ሁሉ መልሶ የሚያጠፋ ሕዝብ መልቲፕላየሩ ማለቂያ እንደሌለው ሁሉ፣ መንገዱ የሚያሳልፈውን ያህል የሚቀይር ማሽንም ዝውውሩ አያልቅም። የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትቀር ማሽኑ ለቅጽበት ይቆማል፣ ቁራጯ ትሻገራለች፣ ከዚያ በአዲሱ ሰርቨር ላይ ይነሳል። ኪውኤሙ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር (ብዙ ክላውዶች ሥራቸውን የሚሠሩት በሱ ነው) ለዚህች ቅጽበት የሚፈቅደው፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ 300 ሚሊሰከንድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ድንቅ ነው። ግን ቤት የለቀቀ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አልጋና ቁም ሣጥን በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከባድ ነው እንጂ አስቸጋሪ አይደለም። አስቸጋሪው ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ነው። ግማሹ በስሏል፣ ግማሹ ሊጥ ነው። ከነምጣዱ አትጭኑትም። ወይ እስኪበስል ትጠብቃላችሁ፣ ወይ ታበላሹታላችሁ።

በማሽን ዓለም ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ የመሣሪያዎች ሁኔታ ነው። ኔትወርክ ካርዱ ስንት መልእክት ተቀብሎ ስንቱን ገና አላስረከበም? ዲስኩ የትኛውን ጽሑፍ ጀምሮ አልጨረሰም? ሰዓቱ ስንት ይላል? ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከሜሞሪው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ግን አንዱ ከተሳሳተ ማሽኑ አዲሱ ቤት ሲነቃ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይሆንበታል። ስለዚህ ሜሞሪው ቀድሞ ሲጓዝ የመሣሪያዎቹ ሁኔታ የሚወሰደው መጨረሻ ላይ፣ ማሽኑ በቆመባት ቅጽበት ነው። በመንገድ ላይ ኔትወርክ ካርዱ ቢጠፋና ቢነሳ፣ ፕሮግራሙ ሲዲውን ቢያስወጣ ችግር የለም፤ ፎቶው የሚነሳው በመጨረሻ ስለሆነ ያለውን ይዞ ይሄዳል።

ዲስኩ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው የበዛ ነው። ማሽኑ ሲቆም የተጀመሩ ጽሑፎች በሙሉ እስኪያልቁ ይጠበቃል፤ ከዚያ አሮጌው ሰርቨር የዲስኩን ባለቤትነት ይለቃል፣ አዲሱ ይረከባል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ዲስክ ላይ ከጻፉ አለቀለት፤ ውሂቡ እንዳይሆን ይሆናል፣ ማንም አይመልሰውም። ኔትወርክ ካርዱ ደግሞ አዲሱ ቦታ ሲደርስ «እዚህ ነኝ» እያለ ደጋግሞ ይጮሃል፤ አለበለዚያ ስዊቾቹ መልእክቱን ወደ አሮጌው አድራሻ መላካቸውን ይቀጥላሉ። የኔ አንባቢ በዚያች ሌሊት አስተያየቱን ሲልክ ምናልባት ይቺ ጩኸት ናት መንገዱን ያሳየችው። እሱ ግን የሚያውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ የኔ ዲስክ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

አዲሱ ሰርቨር ማሽኔን ለመቀበል ሲዘጋጅ ገና ከመጀመሪያው ዝርዝር ይዟል፤ ይሄን ያህል ዲስክ፣ ይሄን ያህል ካርድ። የሚላከው ሁኔታ በየመሣሪያው ስም ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። በመሃል እኔ አዲስ ዲስክ ብሰካ፣ ተቀባዩ ጋ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስም ይደርሳል። «ይሄን አላውቀውም» ይላል፤ ዝውውሩም ይከሽፋል። መንቀልም እንደዚያው ነው፤ ተቀባዩ የሚጠብቀው ዕቃ ሳይመጣ ይቀራል። ስለዚህ ኪውኤሙ በዝውውር ላይ መሣሪያ መጨመርም ሆነ መንቀል አይፈቅድም፤ ዝውውሩ እስኪያልቅ በሩ ዝግ ነው። የኔ አከራይም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

«እሺ፣ ለምን ትዕዛዙን ይዞ ቆይቶ ሲጨርስ ራሱ አያያይዘውም?» አልኩ ለራሴ። አንድ ጓደኛዬም ይሄንኑ ጠየቀኝ፤ እሱ የአፕ ሠሪ ስለሆነ ለተጠቃሚ «አይሆንም» ማለት ነውር ይመስለዋል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ተቀብሎ የሚያቆይ ሰርቨር «እሺ» ብሎኛል ማለት ነው። እኔ «እሺ»ን ሰምቼ ፕሮግራሜን «አዲሱ ዲስክ ላይ ጻፊ» ብዬ አዛታለሁ። ዲስኩ ግን ገና የለም። ዝውውሩ ከሽፎ ማሽኑ አሮጌው ቤት ቢቀርስ? ትዕዛዙ የት ገባ? አዲሱ ሰርቨር ላይ? አሮጌው ላይ? ወረፋ ላይ የተቀመጠ ተስፋ ማን ጋ እንዳለ የማይታወቅ ዕዳ ነው። መልካም ባህላችን ይሉኝታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን «እሺ፣ ይደረጋል» ከሚለኝና ከሚጠፋው ይልቅ «አሁን አልችልም» የሚለኝን እመርጣለሁ። በተለይ ዲስክ ሲሆን።

ሌላው በጣም የወደድኩት ነገር የመመለሻ መንገድ መኖሩ ነው። በዚህ አሠራር አዲሱ ሰርቨር «ተረከብኩ» እስኪል ድረስ አሮጌው ማሽን ሙሉ በሙሉ ይቆያል። ከተበላሸ፣ የሚቋረጠው ዝውውሩ እንጂ ሥራው አይደለም፤ እዚያው ባለበት ይቀጥላል። አቋራጭ አለ፤ ማሽኑን መጀመሪያ አሻግሮ ሜሞሪውን ከኋላ ማስከተል። ፈጣን ነው፣ ሥራ የሚበዛበት ማሽን እንኳ በእርግጠኝነት ይሻገራል። ግን በመሃል ኔትወርኩ ከተቆረጠ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ነው፤ መንገዱ እስኪጠገን ማሽኑ ደርቆ ይቆማል። የአዲሱን ቤት ቁልፍ ሳይቀበል የድሮውን ያስረከበ ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሁሉም ማሽን አይዛወርም። እስካሁን ያወራነው በሶፍትዌር ስለተሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ ሁኔታቸውን ሃይፐርቫይዘሩ ራሱ ስለሚጽፈው ራሱ ያነበዋል። ፍጥነት የፈለገ ተከራይ ግን እውነተኛውን መሣሪያ፣ ለምሳሌ ጂፒዩ ወይም እውነተኛ ኔትወርክ ካርድ፣ በቀጥታ ለማሽኑ ያሰጣል። ያኔ ሁኔታው ያለው ብረቱ ውስጥ ነው። ብረቱ ካልነገረን ማንም አያውቀውም፤ ብረቱን ደግሞ በሽቦ አንልከውም። ጎግል በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ክፍተቶች ሲታወቁ ደንበኞቹን ማሽናቸውን ሳያስጠፋ በዝውውር እንደጠገነ ተናግሯል። ያው ጎግል ግን ጂፒዩ ያለው ማሽን ለጥገና ሲደርስ አያዛውረውም፤ የ60 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያቆመዋል።

ኦሊቨር ዊሊያምሰን እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከኤሊኖር ኦስትሮም ጋር የተጋራው ይሄንን የመሰለ ነገር በማጥናቱ ነው። ንብረትህ ለአንድ ግንኙነት ብቻ ተብሎ በተሠራ ቁጥር ከዚያ ግንኙነት መውጣት እየከበደህ ይሄዳል። ዛሬ ያገኘኸው ቅናሽ ነገ እግር ብረት ይሆናል። ቀጥታ የተሰካ ካርድ ፈጣን ነው፤ ግን ከዚያ ሰርቨር ጋር ያጋባሃል። ፍቺ የለም። የሚገርመው፣ መሐንዲሶቹ ሁለቱንም ለማስታረቅ የሄዱበት መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኪውኤሙ ላይ የገባ አንድ ዘዴ ማሽኑን ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያስይዘዋል፤ ፈጣኑ እውነተኛ፣ ዘገምተኛው የሶፍትዌር። ዝውውር ሲጀመር ማሽኑ «ፈጣኑን ልቀቅ» ይባላል። እስኪለቅ ይጠበቃል፤ መጠየቅና መልቀቅ አንድ አይደሉምና። ከለቀቀ በኋላ በዘገምተኛው እየተነጋገረ ይሻገራል፤ አዲሱ ቦታ ሲደርስ ሌላ ፈጣን ካርድ ይሰካለታል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2022 ሊኑክስ ከርነል 5.18 ላይ እውነተኛ መሣሪያዎች ሁኔታቸውን ራሳቸው አውጥተው የሚሰጡበት የታደሰ ሥርዓት ገባ። ካርዱን የሚሠራው ኩባንያ ግን መተባበር አለበት። ሁሉም አይተባበርም።

አሁን «ይሄ ሁሉ ለኔ ምን ያደርግልኛል» ለምትሉ። እዚህ አገር የገንዘብ አፕ ሁላችንም ስልክ ላይ አለ። «ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ ከምሽቱ እስከ ንጋት አገልግሎት አይኖርም» የሚል መልእክት ያልደረሰው የለም። እውነት ለመናገር፣ አንድን የባንክ ሲስተም በሌላ መተካት ከኔ ማሽን ዝውውር ጋር አንድ አይደለም። እዚያ የሚቀየረው ተከራዩ ራሱ ነው፤ ሒሳቡ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ይተረጎማል። ስለዚህ «እነሱ በ300 ሚሊሰከንድ ያዛውራሉ፣ እናንተ ለምን ሌሊቱን ሙሉ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔም አልልም።

የምለው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ሌሊት አንድ የገንዘብ አፕ ላይ ለቤት ኪራይ ብር ላክሁ። አፕ «ተሳክቷል» አለኝ። ብሩ ከኔ ወጣ፤ አከራዬ ጋ አልገባም። ለ3 ቀን በየቀኑ እየደወልኩ «ትንሽ ይጠብቁ» ተባልኩ። አከራዬ እናት ወይዘሮ ናቸው፣ «ልጄ፣ እኔ አንተን አላምንህም አላልኩም» እያሉ በዐይናቸው ግን ሌላ ሲሉኝ ሰነበቱ። ምጣድ ላይ ያለ እንጀራ ማለት እሱ ነው፤ ወጥቶ ያልገባ ብር። የተሳሳተው ሲስተሙ መቀየሩ አይደለም፣ ሊቆምም መብቱ ነው። በሩን ሳይዘጋ መዛወሩ ነው። የጀመረውን ሳይጨርስ፣ አዲስ ሳይከለክል፣ «ተሳክቷል» እያለ። ያን ምሽት አንድ ቀይ መስመር «አሁን አልቀበልም» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ፣ ተናድጄ ስልኬን ወርውሬ እተኛና ጠዋት በእጄ እሰጣቸው ነበር።

ስለዚህ አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ ይሄን እንደምታነቡ አውቃለሁ፣ እባካችሁ «አይሆንም» ማለትን አትፍሩ። የኔ አከራይ ጥሩ አድርጎ ከልክሎኛል። የጎደለው ነገር ምክንያቱን አለመናገሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሚቀር አለማሳየቱ ነው። ይሄንኑ ጽፌ ለድጋፍ ክፍሉ ላክሁ። ትንሽ ኮራ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የመልቲፕላየሯንም ስሌት አያይዣለሁ።

በማግስቱ መልስ መጣ። የቀረውን ጊዜ የማናሳየው ስለማናውቀው ነው፣ ይላል። የሚወሰነው ማሽኑ ሜሞሪውን በሚቀይርበት ፍጥነት ነው፤ ያ ደግሞ በየሰከንዱ ይለዋወጣል። አብዛኞቹ የኛ ማሽኖች አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይሻገራሉ። የርስዎ ማሽን ግን ያን ሌሊት ከፍተኛ የሜሞሪ ለውጥ ስለነበረው፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሰንበት ነው የተሻገረው። ምን እየሠራ እንደነበር ቢነግሩን ደስ ይለናል።

ምን እየሠራ እንደነበር አየሁ። የዋጋ ፕሮግራሜ ናት። አዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር ከሁለት ዓመት ወዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በሙሉ ሜሞሪ ላይ አፍርሳ እንደገና ትገነባለች፤ የጻፍኳት ተማሪ ሆኜ ነው፣ ያኔ ሠንጠረዡ ትንሽ ነበር። በስሌቴ መልሼ ሳሰላው፣ መንገዱ በሰከንድ 100 ከሆነ፣ ዝውውሩን 7 ደቂቃ ለማስኬድ ከ90 በላይ መቀየር ነበረባት። እኔ ቁልፉን 11 ጊዜ ስጫን በሩን ከውስጥ ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አዲሱን ዋጋ ብቻ እንድትጨምር አድርጌ አስተካከልኳት፤ ለድጋፍ ክፍሉም ጻፍኩላቸው። «እናመሰግናለን» ብለው መለሱ፤ መልእክቱ ላይ ምክንያት መጨመሩን እንደሚያስቡበትም ነገሩኝ። ቀን አልቆረጡም።